ከበርገን እስከ ዘነበወርቅ፦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መዝገብ ታሪክ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ዘነበወርቅ እየተባለ በሚጠራው ሰፈር፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ አርማወር ሐንሰን የተባለ የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሐንሰን ስም ሲነሣ ዘወትር የሚነገረው በ1873 ለሥጋ ደዌ ምክንያት የሆነውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አይቶ ማግኘቱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከማይክሮስኮፑ ሌላ የሚተማመንበት አንድ ትልቅ መሣሪያ ነበረው። እርሱም ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የጀመሩት፣ በሐኪሞች፣ በቀሳውስትና በጸሐፊዎች እጅ ገጽ በገጽ የሞላው የሕሙማን መዝገብ ነው። ደዌው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለ መሆኑ ሐንሰን ያቀረበው ማስረጃ ግማሹ የተገኘው ከዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ለሕሙማኑ ለራሳቸው ምን አደረገላቸው፣ ምንስ አደረገባቸው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

በርገን በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ ዝናብ የማይለያት የወደብ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ የቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል የሚባል ቤት ነበር፤ ዮርገን ማለት ኢትዮጵያውያን ጊዮርጊስ የሚሉት ሰማዕት ነው። የቤቱ ስም በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው በ1411 ነው። ሆስፒታል ይባል እንጂ ታምሞ ገብቶ፣ ድኖ የሚወጣበት ስፍራ አልነበረም። ሥጋ ደዌ ያደረበት ሰው አንዴ ከገባ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ጠባብ የሆኑ ክፍሎች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ሰው ይኖርባቸው ነበር። ማድቤቱ የጋራ ነው፤ ጉልበት ያለው ለራሱ ያበስላል። ከጎኑም የቤቱ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ሰው ታሞ ገብቶ በማይወጣበት ቤት ስለ ሕክምና የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። የሚጻፈው የገባበት ቀን፣ የተሰጠው ድርጎና የተቀበረበት ዕለት ነው። የቤቱን ወጪና ገቢ የያዙት የሒሳብ መዝገቦችና የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ለብዙ ዘመን የሕሙማኑ ታሪክ ብቸኛ ማኅደሮች ሆነው ቆይተዋል።

ይህን ዝምታ ከሰበሩት አንዱ የቤቱ ቄስ የነበሩት ዮሐን ኤርንስት ቬልሃቨን ናቸው። እኚህ ሰው በ1816 የሕሙማኑን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትመው፣ ቤቱ ከነሕይወታቸው የተቀበሩ ሰዎች መቃብር መሆኑን ለአንባቢ አሳወቁ። ሐኪሞች ከመምጣታቸው በፊት ሕመሙን ቀርቦ ያየውና የጻፈው ኑዛዜ የሚቀበለው ሰው መሆኑ አያስገርምም፤ በየቀኑ ከእነርሱ ጋር የሚውለው እርሱ ነበርና። ከቄሱ በኋላ ዳንኤል ዳንየልሰን የተባለ ሐኪም ወደ ቤቱ መጣ። ዳንየልሰን ከባልደረባው ከካርል ቡክ ጋር ሆኖ በ1847 ያሳተመው መጽሐፍ የሥጋ ደዌን ምልክቶች በዝርዝር የለየ የመጀመሪያው ዘመናዊ ጥናት ተደርጎ ይቆጠራል። በ1849 ደግሞ ሉንገጎርድ የተባለ፣ ለምርምር ጭምር የታሰበ ሆስፒታል በከተማዋ ተከፈተ። ዳንየልሰን ሕሙማኑን ለዓመታት በቅርብ ስለ ተከታተለ፣ ደዌው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ደጋግሞ እንደሚታይ ተገነዘበ። ከዚህም ተነሥቶ ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። በኢትዮጵያም ገጠር ይህ እምነት እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ጋብቻ ሲያፈርስ ኖሯል። ዳንየልሰን በዘመኑ ትልቅ ሊቅ ነበር፤ የተሳሳተውም በቂ ሳያይ ቀርቶ አይደለም።

በዚያን ጊዜ የኖርዌይ መንግሥት አንድ ጥያቄ አስጨንቆት ነበር። ሕሙማኑ ስንት ናቸው? የየአጥቢያው ቄሶች የሚያውቋቸውን እየጠቆሙ ቆጠራ ተደርጎ ነበር፤ ቆጠራ ግን የአንድ ቀን ሥዕል ነው። ዛሬ የተቆጠረው ከአምስት ዓመት በኋላ ሞቶ ይሁን፣ ቦታ ለውጦ ይሁን፣ አዲስ የታመመውም ማን ይሁን አይናገርም። በ1854 የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪም ሆኖ የተሾመው ኦቨ ጉልድበርግ ሄግ መፍትሔ አቀረበ። በየዓመቱ ራስ ከመቁጠር ይልቅ እያንዳንዱን ሰው በስሙ መዝግቦ እስኪሞት ድረስ መከተል ይሻላል አለ። በ1856 በንጉሣዊ ትእዛዝ ብሔራዊው የሥጋ ደዌ መዝገብ ተቋቋመ። አንድን በሽታ በሀገር አቀፍ ደረጃ በሕሙማኑ ስም የሚከታተል መዝገብ በዓለም ላይ ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን አድካሚ ነበር። የየወረዳው ሐኪም በግዛቱ ያሉትን ሕሙማን ስም፣ የትውልድ ዘመንና ስፍራ፣ መኖሪያ፣ ደዌው የጀመረበትን ዓመትና ዓይነቱን፣ የታመመ ዘመድ እንዳለና እንደሌለ መዝግቦ ይይዛል። በየዓመቱ የተለወጠውን ሁሉ ይጽፋል፦ ማን ሆስፒታል ገባ፣ ማን ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ፣ ማን ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ ማን ሞተ። ይህ ሁሉ በርገን ላይ ወደ ተቀመጠው ዋና መዝገብ ይተላለፋል። የአጥቢያው ቄስም ይረዳል፤ ሞትና ጋብቻ ከእርሱ አያመልጥምና።

ከሁሉ የከበደው የስም ጉዳይ ነበር። ይህ ነገር በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ወዲያው የሚገባው ነው። የዚያን ዘመን የኖርዌይ ገበሬ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አጣምሮ የእገሌ ልጅ ይባላል፤ ሴቷም እንዲሁ። የክርስትናው ስም ጥቂት ስለ ሆነ በአንድ አጥቢያ ውስጥ በስም እስከ አባት የሚገጥሙ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። ለመለየት የሚያገለግለው የሚኖሩበት እርሻ ስም ነው፤ እርሱም ሰውየው እርሻ ሲለውጥ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ሰነዶች ላይ የሰፈሩት ሁለት ስሞች አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት፣ ወይም በተቃራኒው አንድ የመሰለው ስም ሁለት ሰው ይሁን፣ እያመሳከረ መወሰን የመዝገብ ያዡ ፈንታ ነበር። ይህን ሥራ የሠሩት ጸሐፊዎች ስም በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። መዝገቡ እስከተዘጋበት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ 8,231 ሰዎች ተመዝግበዋል። አንዱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ፣ ሌላው ተዘሎ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የተገኘው ትምህርት ሁሉ በዋዛ ይፈርስ ነበር።

ሐንሰን በሉንገጎርድ ሥራ የጀመረው በ1868 ሲሆን፣ መዝገቡ በዚያን ጊዜ 12 ዓመት ሞልቶት ነበር። አለቃው ዳንየልሰን ነው፤ በ1873ም የዳንየልሰንን ልጅ አግብቶ አማቹ ሆነ። የአማቹን ሐሳብ ግን አልተቀበለም። የሚያስደንቀው ነገር ሁለቱም ሰዎች ይመለከቱ የነበረው ያንኑ ሕዝብና ያንኑ ወረቀት መሆኑ ነው። ዳንየልሰን በአንድ ቤተሰብ የተደጋገመ ስም ሲያይ ዘር አለ። ሐንሰን ደግሞ ያንኑ ስም ሲያይ አንድ ጣሪያ፣ አንድ አልጋና አንድ ማዕድ አለ። ነገሩን ለመለየት ከቤተሰቡ ወጥቶ ወረዳዎችን ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር። ሐንሰን በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ከባክቴሪያው ጋር ይህን ማስረጃ አብሮ አቀረበ። ሕሙማን በብዛት ወደ ሆስፒታል ገብተው ከቤተሰባቸው በተለዩባቸው ወረዳዎች አዲስ ታማሚ በፍጥነት እየቀነሰ መሄዱን ከመዝገቡ አሳየ። በዘር የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ታማሚው ከቤት ስለ ወጣ ብቻ የልጆቹ ዕጣ አይለወጥም ነበር። ባክቴሪያውን በእንስሳም ሆነ በቤተ ሙከራ ማራባት ስላልቻለ በማይክሮስኮፕ ያየው ብቻውን ተጠራጣሪዎችን አያሳምንም ነበር፤ ቁጥሩ ግን ክርክሩን ወደ እርሱ አዘነበለው። በ1888ም አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከነደዌያቸው የተሰደዱትን የኖርዌይ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አፈላልጎ ሲመረምር የታመመ አላገኘም።

ይህ ሁሉ የመዝገቡ መልካም ፊት ነው። ሌላው ፊት በ1879 ታየ። ሐንሰን ደዌው ተላላፊ መሆኑን በቀጥታ ለማረጋገጥ ስለ ጓጓ፣ በበርገን ከሚገኙት የሕሙማን ማኖሪያዎች በአንዱ ለዓመታት የኖረችን የ33 ዓመት ሴት ወደ ክፍሉ አስጠራ። ከሌላ ሕመምተኛ እብጠት የተወሰደ ነገር በነካ የዓይን ሞራ ማውጫ ቢላዋ ዓይኗን ወጋት። ፈቃዷን አልጠየቀም፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነም አልነገራትም። ሴቲቱ ለሆስፒታሉ ቄስ አቤት አለች፤ ቄሱም ጉዳዩን ለባለሥልጣናት አደረሰ። በ1880 የበርገን ፍርድ ቤት ሐንሰንን ጥፋተኛ ብሎ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ አሰናበተው። የሀገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱን ግን አልነካበትም፤ በ1912 እስኪሞት ድረስም በዚያው ሹመት ቆይቷል። በታካሚ ላይ ያለ ፈቃድ ስለሚደረግ ምርምር ሲወሳ ይህ ፍርድ ዛሬም ይጠቀሳል። ለመዝገብ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ያቺ ሴት በሕክምናው መዝገብ ውስጥ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የደዌዋ ዓይነትና የገባችበት ዓመት ይገኛል። ሕመሟን፣ ፍርሃቷንና ቁጣዋን ለማግኘት ግን የፍርድ ቤቱን መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል። ሐኪሞቹ ለዓመታት ስለ እርሷ ሲጽፉ ኖረው፣ የተናገረችው ነገር በጽሑፍ የሰፈረው ዳኛ ሲጠይቃት ነው።

መዝገቡ ወደ ሕግም ተሸጋገረ። ቀድሞ ድኻ ሕመምተኞች በተራ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ ይጦሩ ነበር፤ የ1877ቱ ሕግ ይህን አስቀረ። የ1885ቱ ሕግ ጠንከር ይላል፦ ታማሚው በቤቱ የራሱ ክፍልና የራሱ ዕቃ ኖሮት ተለይቶ ካልኖረ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ማስገደድ ተፈቀደ። ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረን ሰው ማስገደድ አይቻልም፤ የሰፈረው ግን መሸሸጊያ የለውም። በ1897 በርሊን ላይ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ የኖርዌይን መንገድ ለሌሎች ሀገሮች አርአያ አድርጎ አቀረበ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሀገሮች የወሰዱት ለይቶ ማኖሩን እንጂ ሕመምተኛውን በስሙ እየተከተሉ ውጤቱን መመዘኑን አልነበረም። ለመሆኑ ደዌውን ከኖርዌይ ያጠፋው ለይቶ ማኖሩ ነው ወይስ የኑሮው መሻሻል? ይህ ዛሬም የሚያከራክር ነው። መዝገቡ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ መስጠቱ በታማኝነት ለመያዙ ጥሩ ምስክር ይመስላል። መዝገቡ ሲጀመር ወደ 3,000 የሚጠጉ የነበሩት ሕሙማን 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀርተው ነበር። በቅዱስ ዮርገን ሆስፒታል የመጨረሻዎቹ ሁለት ነዋሪዎች፣ ከ50 ዓመት በላይ እዚያው የኖሩ ሴቶች፣ በ1946 ዐረፉ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1970ዎቹ ሎረንስ ኢርገንስ የተባለ ተመራማሪ የመዝገቡን ስሞች ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ እንደገና ሲመረምር፣ ደዌው ከአንድ ሀገር እየጠፋ ሲሄድ አዲስ የሚታመሙት ሰዎች ዕድሜ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳየ። ዩኔስኮም በ2001 የበርገንን የሥጋ ደዌ ሰነዶች በዓለም የትውስታ መዝገብ አስፍሯቸዋል።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የተጓዘው። እንደ ኖርዌይ ያለ ሀገር አቀፍ የማግለያ ሕግና መዝገብ ሳይኖር፣ ሕሙማኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየጠበሉ ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። በ1901 ካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር ማኖሪያ ከፈቱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ተሠራ። በ1958 ደግሞ በጀርመኖች እርዳታ በሐረርጌ የቢሲዲሞ ማዕከል ተቋቋመ። ወደ ዘነበወርቅ የመጡት ብዙዎቹ ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም። አንዳንዱ ቁስሉ አልድን ብሎት፣ ሌላው ዘመድ አልቀበልም ብሎት፣ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ጎጆ ቀልሶ ተጋብቶ ወልዶ ቀረ። ሰፈሩ የተቆረቆረው እንዲህ ነው። በ1965 በዚሁ ስፍራ አለርት ተመሠረተ፤ ዓላማውም ሕክምናን ከሥልጠናና ከምርምር ጋር አጣምሮ አፍሪካን በሙሉ ማገልገል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የሐንሰን ስም ከጎኑ ሲተከል፣ መዝገብና ቤተ ሙከራ እንደ በርገን እንደገና ጎረቤት ሆኑ።

በዚህ ጊዜ ግን መዝገቡ ራሱ ተለውጧል። ዳፕሰን የተባለው ክኒን ከመጣ ወዲህ ሕመምተኛው በቤቱ እየኖረ በየወሩ መድኃኒቱን የሚወስድ ተመላላሽ ሆነ። የቤቱ ባሕረ መዝገብ ቀርቶ በእያንዳንዱ ሰው ስም የሚያዝ ካርድ ሥራውን ተረከበ። በሥጋ ደዌ ካርድ ላይ ከጽሑፉ ሌላ የሁለት እጅና የሁለት እግር ሥዕል ይገኛል። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መርማሪው መዳፉንና የውስጥ እግሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል፤ የተነካበትንም እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። ያልተሰማው ነጥብ በሥዕሉ ላይ ምልክት ይደረግበታል። የዛሬው ሥዕል ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ጋር ካልተነጻጸረ ግን ምርመራው ዋጋ የለውም። ነርቭ ያለ ምንም ሕመም በዝምታ ሊሞት ስለሚችል፣ ሰውየው ራሱ ያላወቀውን ጉዳት መጀመሪያ የሚናገረው ያለፈው ካርድ ነው። ካርዱ ከጠፋ ያ ዘመን ሁሉ አብሮ ጠፋ። በስም እስከ አያት የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች ካርድ ቢቀያየርም የአንዱ እጅ በሌላው ታሪክ ይታከማል። ሐኪሙ የሚያስተውለው ለውጥ ሁሉ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ትክክለኛውን ካርድ ከመደርደሪያው በማውጣቱ ላይ የቆመ ነው።

ዳፕሰን ለብዙዎች የዕድሜ ልክ መድኃኒት ስለ ነበር አንዴ የተመዘገበ ሰው ከመዝገብ አይወጣም ነበር። በ1970ዎቹ ለዓመታት በክትትል ላይ ከነበሩት መካከል ደዌው እንደገና የሚነሣባቸው ታዩ፤ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ መኖሩም ተረጋገጠ። ከ1983 ጀምሮ ጊዜው የተወሰነ ጥምር መድኃኒት በሀገሪቱ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በዚያን ጊዜ እንደ ደዌው ዓይነት ስድስት ወር ወይም ሁለት ዓመት መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ዳነ ተብሎ ስሙ ይሰረዝ ነበር። በአማርኛ ከመዝገብ መሰረዝ ክፉ ዜና ነው፤ በሥጋ ደዌ ክሊኒክ ግን ምሥራች ሆነ። ምሥራችነቱ እውነት ነው፤ ባክቴሪያው ሞቷል። የደነዘዘው እግር ግን አልተመለሰም፤ በድንጋይና በእሳት መቁሰሉ ይቀጥላል። በዓለም ዙሪያ የሕሙማን ቁጥር በአንድ ጊዜ ሲያሽቆለቁል የታየው በከፊል መድኃኒቱ ፈዋሽ ስለ ሆነ፣ በከፊል ደግሞ ታማሚ ተብሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ ስለ ተለወጠ ነው። ይህን ልዩነት መርሳት ለባለሥልጣን ይመቻል፤ ለእግሩ ግን አይመችም።

በአለርት ይህን ያልረሱ ሰዎች ነበሩ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 594 አዲስ ሕሙማንን መድኃኒታቸውን ከጨረሱ በኋላም ሳይለቁ፣ ሕክምና ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ አንዳንዶቹን እስከ አሥር ዓመት ገደማ ተከታተሉ። በየጊዜውም እጃቸውንና እግራቸውን እየመረመሩ በካርዱ ላይ ምልክት አደረጉ። ከሕክምናው ፍጻሜ በኋላም ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎች መኖራቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ስለ ነርቭ ጉዳት በሚጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የእነዚያ የሸዋ ገበሬዎች ካርድ ዛሬም ይጠቀሳል።

በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠሩ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ፤ አብዛኞቹም በየአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ሌላው ታካሚ በሚጻፍበት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። በ1996 ደግሞ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ወደ አባላቱ ዝርዝር ማንም ሐኪም ሰው አያስገባም፤ ድኗል ብሎም አይሰርዝም።